የማግስቱ ሂሳብ፦ ቢራውና ጭሱ ምን እንዳደረጉን በደብተር የመያዝ ዘዴ

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገቢና ወጪ ስመዘግብ እውላለሁ። ከሥራ ውጭ እሮጣለሁ፤ 11 ዓመት ሆነኝ። ጎበዝ ሯጭ አይደለሁም፤ ግን አልቀርም። ቢራ እወዳለሁ። ለሦስት ዓመት ያህል ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ማሪዋና አጨስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተለመደችውን 8 ኪሎ ሜትሬን በዝግታ ልሮጥ ወጣሁ። በዚያ ፍጥነት የልብ ምቴ 142 አካባቢ ነው። ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩት ቁጥር ነው። ያን ቀን ሰዓቴን ሳየው 161 ይላል። ሰዓቱ የተበላሸ መሰለኝ። ቆምኩና አንገቴን በሁለት ጣት ይዤ ቆጠርኩ። ሰዓቱ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ማታ አራት ቢራ ጠጥቻለሁ። ግን አልሰከርኩም። በጊዜ ተኝቻለሁ፣ ራሴን እንኳ አላመመኝም። "ደህና ነኝ" ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።

የገባኝ ያኔ ነው። ስለ መጠጥም ሆነ ስለ ማሪዋና ስንጠየቅ የምንመልሰው በዚያች ሰዓት የተሰማንን ብቻ ነው። ዘና አልኩ፣ ሳቅኩ፣ ጭንቀቴ ለቀቀኝ እንላለን። ይህ ገቢው ነው። ወጪው የሚመጣው በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ምሽቱን ረስተነዋል። "ዛሬ ደብሮኛል" እንላለን እንጂ "የትናንት ወዲያው ቢራ ነው" የሚል ሰው አላየሁም። እኔም ገቢውን ብቻ የያዘ መዝገብ ቢመጣልኝ አልፈርምበትም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። አያያዙ እንዲህ ነው።

ደብተሩ

ተራ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ለመጻፍ ከፍታችሁ ሌላ ነገር ስታዩ ትቀራላችሁ። እርሳስ እሰሩበትና አልጋችሁ አጠገብ አስቀምጡት። ለአንድ ቀን አንድ ገጽ።

መጀመሪያ የጠዋት የልብ ምት። ከአልጋ ሳትነሱ፣ ስልክ ሳትነኩ። ሁለት ጣታችሁን በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛትም ይቻላል፤ ግን አንዲት ምት ከሳታችሁ አራት ሆና ትመጣለች። የሂሳብ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ።

ቀጥሎ እንቅልፍ። ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ስንት ሰዓት ነቃችሁ፣ መሃል ላይ ስንቴ ባነናችሁ።

ከዚያ ሙድ፣ ከ10። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። እኔ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ እጽፋለሁ። ሰዓቱ ካልተወሰነ ሰው የሚጽፈው ሲከፋው ወይም ሲደላው ብቻ ነው፤ መሃሉ ይጠፋል። ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ቃል ጨምሩ። "6" ብቻውን ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግራችሁም። "6፣ ነጭናጫ" ግን ቀኑን መልሶ ያመጣዋል።

ቀጥሎ የወሰዳችሁት ነገር፦ ምን፣ ስንት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ከዚያ "ምን አደረግሁ" የሚል ዓምድ አለ። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ፤ ተንኮለኛ ዓምድ ነው።

መጨረሻ ላይ ስፖርቱ። አንድ መለኪያ ልምምድ ምረጡ። ሁልጊዜ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት። ጂም የምትሠሩ ከሆነ ያው ክብደት፣ ያው ድግግሞሽ። ዛሬ ዳገት ነገ ሜዳ እየሮጣችሁ ብታወዳድሩ ያወዳደራችሁት መንገዱን ነው።

አልኮሉን መቁጠር

"ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት" የሚለውን ተዉት። ሁለት ምን? የመጠጡን ሚሊ ሊትር ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ፐርሰንት አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ፣ የመጣውን በ0.8 አባዙ። ንጹህ አልኮሉን በግራም ታገኛላችሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነች ባለ 5 ፐርሰንት ቢራ 13 ግራም ገደማ አላት። ግማሽ ሊትር ከሆነች 20። 12 ፐርሰንት ከሆነ ወይን 150 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ 14 ግራም ነው። ቤት ውስጥ በትልቅ ብርጭቆ የሚቀዳ ወይን ደግሞ ከ150 ያልፋል። አንዴ በመለኪያ ቀድታችሁ ሞክሩት፤ ትደነግጣላችሁ።

ጉበት ይህንን የሚያስወግደው በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ እያለ ነው። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ግን ለማንም ብሎ አይቸኩልም። ቡና አያፋጥነውም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥነውም። "ሮጬ በላብ አወጣዋለሁ" የሚለው የእኔም እምነት ነበር። በላብ፣ በትንፋሽና በሽንት ተደምሮ የሚወጣው ከአንድ አሥረኛ አይበልጥም። ቀሪው የጉበት ሥራ ነው።

የኔን ዓርብ እናስላው። አራት ቢራ፣ 52 ግራም። በሰዓት 8 ብንል ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማታ 2 ሰዓት ከጀመርኩ አልኮሉ ከሰውነቴ የሚያልቀው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደብተሬ ላይ ደግሞ ሳምንት በሳምንት ምን ተጽፏል? "9 ሰዓት ላይ ባነንኩ።" "9 ሰዓት፣ ላብ።" "9 ሰዓት ከሩብ፣ ስለ ሥራ እያሰብኩ ነጋ።"

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል ቅመም አለ፤ እንደ ፍሬን ነው። ግሉታሜት የሚባል ደግሞ አለ፤ እሱ ነዳጅ መስጫው ነው። አልኮል ፍሬኑን ያጠብቃል፣ ነዳጁን ይቀንሳል። ዘና የምንለው ለዚህ ነው። አንጎል ግን ዝም ብሎ አያይም። ሚዛኑን ለመመለስ ከሌላው ወገን ይገፋል። አልኮሉ ሲያልቅ ግፊያው ይቀራል፤ ፍሬኑ ላልቷል፣ ነዳጁ ተረግጧል። ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል፣ የተረሳው ዕዳ ሁሉ ይታወሳል። ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍልም በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ተጨቁኖ ስለሚያድር ሰባት ሰዓት ተኝታችሁ አራት ሰዓት የተኛችሁ ይመስላችኋል። በዚያ ላይ አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያፍን ሽንት ቤት ትመላለሳላችሁ።

ከደብተሩ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ቢፈጥ፣ ሕይወቴ ተበላሽቷል ብዬ ከመደምደሜ በፊት ግራሙን አያለሁ።

ብቅል የሚያወጣው የትኛውን ነው?

"ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" እንላለን። ሰው ሲጠጣ እውነቱን ይናገራል ማለታችን ነው። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው።

አንድ ምሽት፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ለታላቅ እህቴ በስልክ መልእክት ጻፍኩ። ሰባት መስመር። ስለ እናታችን ቤት ነው፤ ማን ምን እንደወሰደ፣ ማን ምን እንዳልተጠየቀ። እየጻፍኩ እያለሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በመጨረሻ ደፈርኩ አልኩ። እሷ የመለሰችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ወንድሜ ተኛ። ነገ እናወራለን።"

ጠዋት ተነስቼ ሰባቱን መስመር አነበብኳቸው። አንዱም ውሸት አልነበረም። ግን አንድ ነገር ጎድሏል። እናታችንን አራት ዓመት ያስታመመቻት እሷ ናት። ያንን እኔም አውቃለሁ፣ ሆዴም ያውቃል። ያን ማታ ግን አልታየኝም። ብቅል ያወጣው ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አይደለም፤ ከላይ ያገኘውን ብቻ ነው።

ክላውድ ስቲል እና ሮበርት ጆሴፍስ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች በ1990 ይህንን የሩቁን ማየት ከተሳነው ዓይን ጋር አመሳስለው ጽፈውታል። አልኮል ፊታችን ያለውን ያጎላዋል፣ ራቅ ያለውን ያደበዝዘዋል። ፊታችን ያለው ቀልድ ከሆነ የዓለም ደግ እንሆናለን። ፊታችን ያለው ስድብ ከሆነ ወንበር እናነሳለን። ሰውዬውም ብርጭቆውም ያው ነው፤ የተለየው ፊቱ የነበረው ነገር ነው።

ስለዚህ የሚሠራው ዘዴ "ራሴን እቆጣጠራለሁ" ማለት አይደለም። ተቆጣጣሪውም እኮ አብሮ ጠጥቷል። የሚሠራው ፊታችሁ የሚቀመጠውን ነገር አስቀድማችሁ መምረጥ ነው። ስልኬን ከሁለተኛው ቢራ በፊት ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ ወይም ሌላ ክፍል እተወዋለሁ። የገንዘብና የቤተሰብ ጉዳይ ከተነሳ "ነገ በቀን" እላለሁ። ስንት እንደምጠጣ የምወስነው ከቤት ሳልወጣ ነው፤ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጽፌ እወጣለሁ። ሁልጊዜ አላከብረውም። ያላከበርኩበት ቀን ግን ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

ማሪዋናው

ይህ በመለኪያ ደረጃ ራስ ምታት ነው። ጠርሙስ የለው፣ ፐርሰንት የለው። ያለው ነገር ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ደግሞ በብዙ አገር ሕግ ይከለክለዋል፤ ያ የየራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ የማወራው ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ነው። ልትጽፉ የምትችሉት፦ ተጨሰ ወይስ ተበላ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንቴ ተሳበ።

ተጨሰ ወይስ ተበላ የሚለው ትልቅ ልዩነት አለው። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ሲበላ ግን ለመያዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ስድስትና ስምንት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። "ምንም አልያዘኝም" ብሎ የደገመ ሰው ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለቱም አብረው ይመጡበታል።

የሚያጦዘው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። በ1964 ራፋኤል መሹላም እና የሂኤል ጋኦኒ ነጥለው ምንነቱን ለዩት። የሚገርመው ከዚያ የቀጠለው ነው። በ1992 የመሹላም ቡድን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ተመሳሳይ ነገር አገኘ። አናንዳሚድ አሉት፤ "አናንዳ" በሳንስክሪት ሐሴት ማለት ነው። ቲኤችሲ የሚቀመጥበት ቦታ አንጎላችን ውስጥ ለአናንዳሚድ የተዘጋጀ ወንበር ነው። ወንበሮቹ ትውስታ፣ ሚዛንና እንቅስቃሴ በሚመሩት ክፍሎች ላይ በብዛት አሉ። ስለዚህ የጦዘ ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ቢረሳው አትሳቁበት። ወይም ሳቁበት፤ እኛ እንስቅ ነበር።

ሙድን በተመለከተ ነገሩ በመጠን ይገለበጣል። ጥቂቱ ያረጋጋል፣ ብዙው ያስጨንቃል። በ2017 ቺካጎ ውስጥ በ42 ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ሰው ፊት ቆሞ እንደ መናገር ያለ የሚያስጨንቅ ፈተና ሰጧቸው። 7.5 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለለ። 12.5 የወሰዱት ገና ከፈተናው በፊት ጀምሮ ሙዳቸው ተበላሸ። በመካከላቸው ያለው 5 ሚሊ ግራም ነው። ጭስ እየሳበ 5 ሚሊ ግራም የሚለይ ሰው ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ። አንዱ ቅዳሜ ሰላም የሆነው፣ ሌላው ቅዳሜ ጥግ ይዤ ልቤን ሳዳምጥ ያመሸሁት ለዚህ ነበር።

ጠባይን በተመለከተ ማሪዋና እንደ ቢራው ወንበር አያስነሳም። የእሱ ወጪ ዝም ያለ ነው፤ ስለዚህ ለመመዝገብ ይከብዳል። አንድ ምሽት የሕይወቴን ትልቁን ሐሳብ አገኘሁና እንዳልረሳው በስልኬ ቀዳሁት። 14 ደቂቃ። በማግስቱ ሰማሁት። አንድ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል፤ "ገባህ? ሁሉም ነገር... ሁሉም ነገር እኮ" ይላል፤ ይስቃል፤ ፍሪጅ ይከፍታል። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

"ምን አደረግሁ" የሚለው ዓምድ ተንኮለኛ ነው ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ራሳችሁ አትሙሉት። አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ስጡት። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምሞላው። አንድ ቅዳሜ ላይ "ሰላማዊ ምሽት" ብዬ ጽፌያለሁ። ከወር በኋላ ደብተሩን ለባለቤቴ አሳየኋት። አገላበጠችው፤ ያቺ ገጽ ላይ ስትደርስ እርሳሱን አነሳችና ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ "ልጁ ሁለት ጊዜ ጠራህ። አልሰማኸውም።"

እንዳልሰማሁ እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓምዱ የእሷ ነው።

ስፖርቱ ላይ

በቢራ ልጀምር። ማታ የጠጣ ሰው የልብ ምቱ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ያድራል። ጠዋት ላይ ውሃው ጎድሏል፣ እንቅልፉ ተቆራርጧል። ጉበት አልኮሉን ሲያጣራ ስኳር የማምረት ሥራውን ገታ ስለሚያደርግ፣ ባዶ ሆዱን የሚሮጥ ሰው ጉልበቱ ሊከዳው፣ ሊያዞረው ይችላል። የእኔ ደብተር የሚለው ይህን ነው፦ ሳልጠጣ ከ141 እስከ 144፤ ከሁለት ቢራ በኋላ 148 አካባቢ፤ ከአራት በኋላ ከ155 እስከ 161። የእናንተ ሌላ ይሆናል። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ለልብ ግን ሌላ ሥራ ነው።

"ከጂም በኋላ አንድ ሁለት" የሚለውም ይቆጠር። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ስምንት ወንዶችን ክብደት አሠርቶ፣ ብስክሌት አስነድቶ፣ ከዚያ አጠጣቸው። ጡንቻ ራሱን የሚጠግንበት ፍጥነት ፕሮቲን እየወሰዱ እንኳ በ24 ፐርሰንት ወረደ፤ በፕሮቲኑ ምትክ ካርቦሃይድሬት ሲሰጣቸው በ37። ሚዛን እንጠብቅ፤ ሰዎቹ ስምንት ብቻ ናቸው፣ መጠኑም በኪሎ 1.5 ግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 105 ግራም፣ ማለትም ስምንት ቢራ። አንድ ቢራ ይህን ያደርጋል ማለት አይደለም። ግን ከልምምድ በኋላ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ መጠጡ ካለም ከዚያ በኋላ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ብቻውን ብዙ ይቀይራል፤ የተጠማና የራበው ሰው የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደ ውሃ ነው የሚጨልጠው።

አንድ መጥፎ ልማዴን ልናዘዝ። ጠጥቼ ባደርኩ ጠዋት ጉልበቴን ሲያመኝ አይቡፕሮፌን ውጬ እሮጥ ነበር። አልኮልም አይቡፕሮፌንም ጨጓራን ይቆጣሉ፤ ሁለቱ ተደርበው ሊያደሙም ይችላሉ። አታድርጉት።

ወደ ጭሱ። ማሪዋና ልብን በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ምት ሊጨምርበት ይችላል። ቁጭ ብላችሁ ማለት ነው። በላዩ ላይ ሩጫ ስትጨምሩ ልብ ሁለት ጌታ ያገለግላል። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ደግሞ የደም ግፊት ዝቅ ብሎ ያዞራል፤ ስኳት ለመሥራት ብረት ትከሻችሁ ላይ ካለ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሆኖም "ጦዤ ስሮጥ ደስ ይለኛል" የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። ኮሎራዶ ውስጥ ማሪዋና ሕጋዊ በመሆኑ ተመራማሪዎች 42 ሯጮችን አንዴ ተጠቅመው፣ አንዴ ሳይጠቀሙ ትሬድሚል ላይ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አስሮጧቸው። ውጤቱ በ2023 መጨረሻ ወጣ። ሲጠቀሙ ሩጫው የበለጠ ደስ አላቸው። ቲኤችሲው የሚበዛበትን ዓይነት የወሰዱት ግን ሩጫው የበለጠ ከብዷቸዋል። ደስታውና ጉልበቱ አንድ አይደሉም።

እኔም አንዴ ሞክሬዋለሁ። ድንቅ ሩጫ ነበር። ዛፉ፣ ነፋሱ፣ የጫማዬ ድምፅ። ስምንቱን ጨርሻለሁ፣ እንዲያውም አልፌያለሁ ብዬ ቆምኩ። ሰዓቴ 4.6 ኪሎ ሜትር ይላል። ምቴ 170። ማሪዋና ጊዜን ይለጥጠዋል፤ ደቂቃው ሩብ ሰዓት ይመስላል። ልምምዱን በስሜት የሚመራ ሰው ያን ቀን መሪ የለውም። መንገድ ስሻገር መኪናው ምን ያህል ርቀት ላይ እንደነበርም ዛሬ ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ሩጫ በራሱ ያስደስት የለ እንዴ? የዚያ ደስታ አንዱ ምንጭ ያው አናንዳሚድ ሳይሆን አይቀርም። በ2003 የታተመ ጥናት ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች መጠነኛ ድካም ያለው ልምምድ ሲሠሩ አናንዳሚድ በደማቸው ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ወንበሩ ላይ ባለቤቱ ሊቀመጥ ሲመጣ እንግዳ አስቀድሜ አስቀምጬበት ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋብኝ ግን በሮጥኩበት ቀን የሆነው አይደለም፤ ያልሮጥኩበት ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ስምንት ጊዜ አቅጄ አምስቱን ቀርቻለሁ። አልታመምኩም፣ አልደከመኝም። "ነገ እሮጣለሁ" ብቻ። ዘወትር የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሳልና አክታ ይለምደዋል፤ ዳገት ላይ ይታወቃል።

ውድድር ላላችሁ አንድ ቃል። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒቶች ኤጀንሲ አልኮልን በ2018 ከዝርዝሩ አውጥቶታል፤ ማሪዋና ግን በውድድር ጊዜ አሁንም የተከለከለ ነው። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሻካሪ ሪቻርድሰን በ2021 የማጣሪያ ውድድሯን አሸንፋ በዚህ ምክንያት ከቶኪዮ ቀርታለች። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚከማች፣ በብዛት የሚጠቀም ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሽንቱ ላይ ሊገኝበት ይችላል።

ሁለቱ ሲደረቡ

አታደርቧቸው። አልኮል ከጭሱ ጋር ሲገናኝ ደም ውስጥ የሚገባውን ቲኤችሲ ከፍ ያደርገዋል። ማዞሩ፣ ማስመለሱ፣ መሬት መክዳቱ ከዚያ ይመጣል። ሁለቱ ተደርበው መኪና መንዳት አንዱን ብቻ ወስዶ ከመንዳት የባሰ ነው፤ አንዱም ብቻውን በቂ ጥፋት ነው።

አራት ሳምንት

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ከዚያም የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ይዞ ነው የሚቆመው። የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ እርጉዞች፣ የእንቅልፍ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የምትወስዱ፣ በቤተሰባችሁ ውስጥ የሌለ ድምፅ የመስማት ዓይነት የአእምሮ ሕመም ያለባችሁ፦ የእናንተ ሙከራ ያለሱ መኖር ብቻ ይሁን። ልጅ ከሆናችሁም እንዲሁ፤ አንጎላችሁ ገና እየተሠራ ነው።

አንደኛው ሳምንት ምንም አትቀይሩ። እንደወትሮው ኑሩና ጻፉ። ለማማር አትሞክሩ። ደብተር ስለያዘ ብቻ ሰው መጠጡን ይቀንሳል፤ ያንንም ጻፉት።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ምንም የለም። ከቢራ ብቻ ከሆነ የምታርፉት፣ እንቅልፉ በቀናት ውስጥ ሲስተካከል ታያላችሁ። ከማሪዋና ከሆነ ግን መጀመሪያ ይብሳል። መነጫነጭ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት። የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከብደው፤ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይረግባል። ለእኔ በአራተኛው ሌሊት ሕልሞቼ ተመለሱ። ቲኤችሲ ሕልም የምናይበትን እንቅልፍ ይጨቁነዋል፤ ሲለቀው ዕዳውን ባንዴ ይከፍላል። አንድ ሌሊት ሙሉ የማላውቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ደረሰኝ ስፈልግ አደርኩ። እነዚህን ቀናት አይቶ "ያለሱ አልችልም ማለት ነው" የሚል ሰው ሂሳቡን በወሩ 5ኛ ቀን የዘጋ ነው።

አራተኛው ሳምንት መመለስ የሚፈልግ ይመለስ፤ ግን አንድ ምሽት ብቻ፣ አንዱን ብቻ። ቁጥሩ አስቀድሞ ይጻፍ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ መዝግቡ። ሁለተኛውን ቀን አትዝለሉት፤ የእኔ ዝቅተኛ የሙድ ቁጥሮች የተሰበሰቡት ቅዳሜ ጠዋት ሳይሆን እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነበር።

በመጨረሻ ገጾቹን በሁለት ክፈሉ፦ ከወሰዳችሁ በኋላ ያሉት ሁለት ሁለት ቀኖች ባንድ በኩል፣ ቀሪዎቹ በሌላ በኩል። የጠዋት ምቱን፣ የሙዱን፣ የመለኪያ ልምምዱን አማካይ አውጡ። ከማንም ጋር አታወዳድሩ። የጓደኛዬ ቁጥር ከአራት ቢራ በኋላ እንኳ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ተናድጄበታለሁ፣ ምንም ማድረግ አልችልም።

የእኔ ሂሳብ ሲዘጋ እንዲህ ሆነ። ዓርብ ማታ ሁለት ቢራ፣ ከ3 ሰዓት በፊት የሚያልቅ። ቅዳሜ በእግር መሄድ ብቻ፤ ሩጫው ወደ እሑድ ተዛወረ። ማሪዋናውን ትቼዋለሁ። ጓደኞቼ ሲያዩኝ "ጨዋ ሆንክ" ይላሉ፤ በልጁ መስመር ምክንያት እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

አሁን አምስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ባለቤቴ ዓምዷን አሁንም ትሞላለች። የትናንቱን ሳየው ባዶ ነው። "ምነው ዘለልሽው?" አልኳት።

"የሚጻፍ ነገር የለም" አለችኝ።